ለስምንት ደቂቃ ንግግር መረጃ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ደብረ ብርሃን ነው የምማረው፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ክፍል ውስጥ የ8 ደቂቃ መረጃ ሰጪ ንግግር እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ርዕሴ ‹የሰሜን ሸዋ ታሪክና የቱሪስት መስህቦች› ነው። 2 ሳምንት ቀርቶኛል። እስካሁን ከኢንተርኔት ከ40 ገጽ በላይ አውርጃለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ይደበላለቅብኛል። ላፕቶፕ የለኝም፤ ያለኝ ስልክ ነው። ጥናቱን ከየት ልጀምር? እንዴትስ ላቅደው?»

ሰላም ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄሽ የብዙ ተማሪ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ንግግር አቀራረብ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪ መድረክ ላይ ሲንተባተብ ሰው ሁሉ «ፈርቶ ነው» ይላል። እኔ እንዳየሁት ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የተፈጠረው ቀደም ብሎ፣ መረጃ ሲሰበስብ ነው። የሚናገረውን ከየት እንዳመጣው የማያውቅ ሰው ድምፁም ይከዳዋል።

አንቺ የተደበላለቀብሽ ስለሰነፍሽ አይደለም። ጥያቄ ሳትይዢ ማንበብ ስለጀመርሽ ነው። ጥያቄ ሳይኖርሽ ስታነቢ ሁሉም ነገር አስፈላጊ ይመስላል፤ የትኛውንም ለመጣል ያሳሳል። ስለዚህ ያወረድሽውን 40 ገጽ ለጊዜው አትክፈቺው። አታጥፊው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

መጀመሪያ ደቂቃሽን ለኪ። ስልክሽ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን ክፈቺ። ከአንድ የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ምረጪ። ለሰው እንደምታወሪ ሆነሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። ስንት ደቂቃ ወሰደ? አሁን በ8 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚነበብ አስዪው። ከሦስት ወይም ከአራት ገጽ ብዙም አያልፍም። ከዚያ ላይ መግቢያና መዝጊያ ቀንሺ። ለዋናው ነገር የሚተርፍሽ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር በትልቁ ጽፈሽ ደብተርሽ ላይ ለጥፊው። የጥናትሽ ልክ እሱ ነው።

አሁን ርዕስሽን በዚህ ልክ እንየው። ሰሜን ሸዋ ስንል አንኮበር አለ፤ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ። አንጎለላ አለ፤ ምኒልክ የተወለዱበት። ጣርማበር አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው የመኪና መተላለፊያ ዋሻ። መንዝ ጓሳ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ። በስድስት ደቂቃ ሁሉንም ብትነኪ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። አድማጩ የቦታ ስም ሰምቶ ይወጣል፤ ሌላ ነገር አይዝም።

ሌላም ወጥመድ አለበት። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ። በ40 ገጽሽ ውስጥ ደብረ ሊባኖስና አንኮበር ጎን ለጎን ተዘርዝረው ከሆነ ጸሐፊው ሁለቱን ዞኖች ቀላቅሏል ማለት ነው። የሕዝብ ብዛትና የወረዳ ቁጥር የምትወስጂ ከሆነማ ስሕተቱ የባሰ ይሆናል።

«የቱሪስት መስህብ» የሚለውም ቃል ይጎትትሻል። ሳታስቢው «ኑና ጎብኙ» ማለት ትጀምሪያለሽ። ያ ማስታወቂያ ነው፤ ሰውን ማሳመን ነው። ያዘዙሽ መረጃ ሰጪ ንግግር ነው። የሚለካው አድማጭሽ ሲገባ የማያውቀውን አንድ ነገር ሲወጣ አውቆት በመሄዱ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንምረጥ። በየቀኑ አፍሽ ላይ ያለውን ስም ብንወስደውስ? ደብረ ብርሃን ለምን ደብረ ብርሃን ተባለች? ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ይህ ጥያቄ ጠባብ ይመስላል፤ ሲከፍቱት ግን ሆዱ ሰፊ ነው። ጓሳን ወይም አንኮበርን ብትመርጪም መንገዱ ያው ነው። እኔ ግን በዚህ ምሳሌ እሄዳለሁ።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ከንግግሬ በኋላ የክፍል ጓደኞቼ…» ብለሽ ጀምሪው። ለምሳሌ፦ «ከንግግሬ በኋላ የክፍል ጓደኞቼ ደብረ ብርሃን ስሟን እንዴት እንዳገኘች፣ ስለ ብርሃኑ የተሰጡት ማብራሪያዎችም የት ላይ እንደሚለያዩ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይችላሉ።» ዓረፍተ ነገሩ ካስቸገረሽ ገና አልጠበበም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምታነቢው ነገር ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ያገለግላል ወይ ብለሽ ትመዝኚዋለሽ።

ቀጥሎ አድማጮችሽን ጠይቂ። ይህ ክፍል ሲዘለል አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ካፌ ስትገቢ አምስት የክፍል ልጆችን «ደብረ ብርሃን ለምን እንዲህ ተባለች?» በያቸው። መልሳቸውን እንዳለ ጻፊ። እዚሁ ያደጉት «ብርሃን ወርዶ ነው» ይሉሻል። ከወሎ ወይም ከጎጃም የመጣው ምናልባት «እኔ እንጃ» ይላል። አንዱ ደግሞ «ጎንደር ያለችው አይደለችም እንዴ?» ይል ይሆናል። ይህን ስትሰሚ ምን ማብራራት እንዳለብሽ፣ ምኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ እንደምትችይ ታውቂያለሽ።

አሁን ነው ጥናቱ የሚታቀደው። አንድ ባዶ ወረቀት ወስደሽ ከመሐል አስምሪ። በግራ በኩል ዓረፍተ ነገርሽ እንዲቆም መልስ የሚሹትን ጥያቄዎች ጻፊ። በቀኝ በኩል መልሱ የት ሊገኝ እንደሚችል። እንደኔ ከሆነ በግራ በኩል አምስት ይበቃሉ። ስሙ በቃሉ ምን ማለት ነው? ብርሃን ታየ የሚለው መጀመሪያ የተጻፈው የት ነው? ከተማዋን የቆረቆሩት ንጉሥ ብርሃኑን ካዩ በኋላ ምን አደረጉ? ብርሃኑ ምን ነበር ይባላል? የዛሬው የከተማው ሰው ታሪኩን እንዴት ያወራዋል?

የቀኙ ዓምድ ነው ቁም ነገሩ። እያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱ ቤት አለው። የቃሉን ትርጉም መዝገበ ቃላት ወይም ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይመልስልሻል። «ደብር» በግዕዝ ተራራ ነው፤ ገዳምና ትልቅ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። እንግዲህ ደብረ ብርሃን «የብርሃን ተራራ» ትሆናለች ማለት ነው። ለዚህ አንድ ቀን ማባከን አያስፈልግም። አግኝተሽ ጽፈሽ እለፊ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ግን ወደ ዜና መዋዕል፣ የንጉሡ ታሪክ ወደተጻፈበት መጽሐፍ፣ ይወስዱሻል። ከተማዋን የቆረቆሩት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው ብርሃን ከሰማይ የታየው መጋቢት 10 ቀን እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በፊት በ38ኛው ቀን በሃይማኖት ጉዳይ የተከሰሱ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ነበር። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራቸውን እንደወደደ የሚያሳይ ምልክት አድርገው ነው ያዩት። በቦታው ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፤ በኋላም ትልቅ ቤተ መንግሥት ሠሩ። ከሕይወታቸው የመጨረሻ 14 ዓመታት ውስጥ 12ቱን እዚሁ አሳልፈዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንዳያመልጥሽ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ነበር የሚኖሩት። አንድ ንጉሥ አንድ ቦታ ላይ ይህን ያህል ዓመት መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። የስሙን ታሪክ ከከተማዋ መመሥረት ጋር የሚያገናኝልሽ ይህ ነው። ግን ተመልከቺ፤ ይህን ከዜና መዋዕሉ ብቻ አታገኚውም። ስለ ተዘዋዋሪው ቤተ መንግሥት የጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ማየት አለብሽ። እቅዱ ላይ «ቤተ መጻሕፍት፣ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ መደርደሪያ» ብለሽ ጻፊ። ስትሄጂም ዝም ብለሽ መደርደሪያ ላይ አትንከራተቺ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሄደሽ ጥያቄውን እንዳለ ንገሪያት። «የታሪክ መጽሐፍ አለ?» ካልሻት መደርደሪያ ታሳይሻለች። «ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ረጋ?» ካልሻት ግን አብራሽ ትፈልጋለች።

ስለ ተወገሩት ሰዎችም አንድ ነገር ልበልሽ። አንዳንድ ተማሪ ይህን ሲያነብ ይደነግጥና ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ክርክር ማስነሻ ያደርገዋል። ሁለቱንም አታድርጊ። ዜና መዋዕሉ ያለውን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ፍርድ አትጨምሪበት። ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥት ጽሑፍ መሆኑንም ለአድማጭሽ ንገሪ። የንጉሡ ጸሐፊ የንጉሡን ነገር ከንጉሡ ወገን ሆኖ ነው የሚጽፈው። ይህን የሚያውቅ አድማጭ ቀሪውን ራሱ ያመዛዝናል።

አራተኛው ጥያቄ፣ ብርሃኑ ምን ነበር የሚለው፣ በጣም ደስ የሚለኝ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1456 እ.ኤ.አ. ነው፣ ብርሃኑም የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የሃሌይ ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ተመልሶ የሚመጣ ነው። በ1456 መምጣቱ የተረጋገጠ ነው። ኢንተርኔት ላይ ይህን ታገኚና «በቃ፣ ተፈታ» ትያለሽ። ፌስቡክ ላይም «ደብረ ብርሃን ላይ የወረደው ብርሃን የሃሌይ ኮከብ ነው» ተብሎ እንደ ቁርጥ ነገር ሲጻፍ ታያለሽ።

እዚህ ጋ ነው ያቀድሽው ጥናት የሚጠቅምሽ። አራተኛው ጥያቄ ቤቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ታሪክ፣ ሌላው ሥነ ፈለክ። ስለዚህ ኮከቡ በዚያ ዓመት በየትኛው ወር እንደታየ ለብቻው ትፈልጊያለሽ። ኮከቡ ለፀሐይ በጣም የቀረበው፣ ጎልቶም የታየው፣ በሰኔ ወር ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ መጋቢት 10 ይላል። በመሐል ሦስት ወር አለ። በዓመቱ ቢገጥም እንኳ በወሩ አይገጥምም።

ብዙ ተማሪ እንዲህ ሲጋጭበት አንዱን ይደብቃል። አንቺ አትደብቂ። የንግግርሽ ልብ ይሄ ክፍተት ነው። ሁለት ምንጭ ሲለያይ የት ላይ እንደሚለያይ በትክክል ማሳየት ለአድማጭ ትልቅ ስጦታ ነው። እኔ ብሆን ከስድስቱ ደቂቃ ሁለቱን ለዚህ እሰጣለሁ።

ወሩን ስታወዳድሪ ስለ ዘመን አቆጣጠር ተጠንቀቂ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ስብሰባ ላይ ስለ አንኮበር ስናገር አንድ ዓመት ጠራሁ። አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከመጽሐፍ ስገለብጥ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ትቼው ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ ሰው በጥርጣሬ እንደሰማው ይሰማኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመት ስጽፍ ከጎኑ የማንን አቆጣጠር እንደሆነ ሳልጽፍ እስክሪብቶ አላነሣም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። የመጋቢቱም ሆነ የሰኔው 1456 እ.ኤ.አ. በእኛ 1448 ዓ.ም. ነው።

ስልክ ላይ ያሉት የቀን መቀየሪያዎችም ለዚህ ዘመን ያሳስቱሻል። የዛሬው የፈረንጅ አቆጣጠር የተጀመረው በ1582 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬው በዘጠኝ ቀን ይለያል። ፈረንጆቹ ኮከቡ ለፀሐይ የቀረበበትን ቀን ጁን 9 ብለው የሚጽፉት በዚያ በድሮው ቆጠራ ነው። በእኛ ሰኔ 15 አካባቢ ይውላል። ስለዚህ ለንግግርሽ ሁለቱንም ቀን ወደ እኛ ወር አምጪና መጋቢትና ሰኔ በያቸው። አድማጭሽም በቀላሉ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ። ፍለጋ ስትጽፊ ፊደል አትርሺ። አማርኛ አንድ ስም በብዙ መንገድ ይጻፋል። «ደብረ ብርሃን»፣ «ደብረብርሃን»፣ «ደብረ ብርሀን» ብለሽ ሦስት ጊዜ ፈልጊ። «ዘርዐ ያዕቆብ»፣ «ዘርአ ያዕቆብ»፣ «ዘርዓ ያዕቆብ» ብለሽም እንዲሁ። በአንዱ ያላገኘሽውን በሌላው ታገኚዋለሽ። በላቲን ፊደልም ቢሆን አጻጻፉ ይለያያል። ብዙ ሰው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ «መረጃ የለም» ይላል።

ሁለት መንታ ስሞች አሉ፤ ተጠንቀቂያቸው። «ዘርዐ ያዕቆብ» ብለሽ ስትፈልጊ ከንጉሡ ይልቅ የ«ሐተታ» ባለቤት ነው የሚባለው ፈላስፋ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። እሱ ከንጉሡ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚቀመጥ ሌላ ሰው ነው። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ስትዪም ጎንደር ያለው፣ ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተሣለበት ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ስለ ሸዋዋ ደብረ ብርሃን እየተናገርሽ ስላይድሽ ላይ የጎንደሩን ሥዕል ብታሳዪ፣ ከጎንደር የመጣ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ ንግግርሽ እዚያው ያበቃል። ይህን ስሕተት በዓይኔ አይቻለሁ።

አምስት ገጽ አንድ ነገር ስላሉም አምስት ምንጭ አገኘሁ አትበይ። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ፊደል ፈልጊ። ያው ስሕተት በአምስቱም ካለ አምስቱም የተገለበጡት ከአንድ ቦታ ነው። እንደ አንድ ምንጭ ቁጠሪያቸው። ቻትጂፒቲንም ብትጠይቂ ጥያቄ እንድታበዢ ሊረዳሽ ይችላል፤ ዓመተ ምሕረትና የሰው ስም ግን እሱ ስላለ ብቻ ማስታወሻሽ ላይ እንዳይገባ። ያንን 40 ገጽ አሁን ክፈቺው። ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱን የሚመልሰውን ብቻ አስቀሪ። ብዙ አይተርፍም፤ አይዞሽ።

አምስተኛው ጥያቄ ሰው ፊት ይወስድሻል። የከተማው ሰው ታሪኩን እንዴት ያወራዋል? ይህን በመጽሐፍ አታገኚውም። ያለሽበት ቦታ የሰጠሽ ዕድል ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ንግግር የሚያዘጋጅ ልጅ የለውም። እዚሁ ከተማሽ ውስጥ የሥላሴ ደብር አለልሽ፤ መሪጌታ አሉ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ አባቶች አሉ።

ግን በሥርዓት ሂጂ። ብቻሽን ከምትሄጂ አንዲት ጓደኛ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል፤ አንዷ ስትጠይቅ ሌላዋ ትጽፋለች። ቅዳሴ ሳያልቅ አትሂጂ። በጾም ቀን ከሆነ ሰዓቱን አስቢበት፤ አባቶች ሳይቀምሱ ረጅም ጥያቄ አይጠየቁም። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ እጅ ነሥተሽ፣ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደመጣሽ ተናገሪ። «አባ፣ ለትምህርቴ ነው፤ ጊዜ ካለዎት ትንሽ ነገር ልጠይቅዎት?» ካልሽ የሚከለክልሽ የለም። ስልክ አውጥተሽ መቅዳት አትጀምሪ። መጀመሪያ ይጫወቱ፤ ከዚያ «ቃልዎን እንዳላዛባ ልቅዳው?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ። አይሆንም ካሉ በእስክሪብቶ።

የምትጠይቂውን ቀድመሽ ጻፊ፤ ሦስት ቢሆን ይበቃል። መልሱን በአፋቸው የሚያስገባ ጥያቄ አትጠይቂ። «ጅራታም ኮከብ ነው አይደል?» ካልሻቸው ላለማሳዘን ብለው «ይሆናል ልጄ» ይሉሻል፤ አንቺም የራስሽን ቃል ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይልቅ «ከተማዋ ስሟን እንዴት አገኘች ይባላል?» በይ። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው፤ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ሁልጊዜ «ይህንን ከማን ሰሙት?» ብለሽ ጠይቂ። ከአያታቸው የሰሙት ሌላ ነው፤ ድርሳን ላይ ያነበቡት ሌላ ነው፤ ከሬዲዮ የሰሙት ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ንግግርሽ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ግን በየስማቸው።

እንዲህ ያለ ቃል ብርሃኑ ምን እንደነበር አያረጋግጥልሽም። ታሪኩ ዛሬ በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚኖር ያሳይሻል። ይህን ከለየሽው ሁለቱንም በክብር ትጠቀሚበታለሽ።

አዲስ አበባስ መሄድ አለብኝ ወይ ትይ ይሆናል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ደርሶ መመለሱ ቀንሽን ይበላዋል፤ ገንዘብም አለበት። ለ8 ደቂቃ ንግግር አልመክርሽም። ልትደርሺበት የማትችይው ምንጭ እቅድሽ ላይ ከተጻፈ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያሳስብሽ ይኖራል።

ማስታወሻ አያያዝሽ ቀላል ይሁን። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለአራት ቁረጪ። ካርዶችሽ እነዚህ ናቸው፤ በአንዱ ካርድ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ። ከላይ ምንጩን ጻፊ፤ የመጽሐፉ ስም፣ ጸሐፊው፣ ገጹ፤ ሰው ከሆነ ማን፣ የት፣ በስንተኛው ቀን። ቃል በቃል የወሰድሽውን በትእምርተ ጥቅስ ክበቢው። በራስሽ ቃል የጻፍሽውን አትክበቢ። ይህን ካላደረግሽ ከሳምንት በኋላ የትኛው የማን ቃል እንደሆነ አታውቂም፤ ሳታስቢውም የሰው ቃል የራስሽ አድርገሽ ታቀርቢያለሽ። ከመጽሐፍ ፎቶ የምታነሺ ከሆነ ሁልጊዜ ሽፋኑን አስቀድመሽ አንሺ፤ ከዚያ ገጹን። ፎቶውንና ድምፁን በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። መብራትና ኔትወርክም ላይኖር ስለሚችል የምትፈልጊውን ቀደም ብለሽ አውርጂ።

ቀኑን እንዲህ ብትከፍዪው ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለርዕስ ማጥበብ፣ ለዓረፍተ ነገርሽና ለአምስቱ የክፍል ልጆች ስጪ። ከዚያ አምስት ቀን ለንባብና ለአባቶች፤ እሑድን ለደብሩ አስቀሪው። ስምንተኛው ቀን ላይ ምንም አታንብቢ። አምስቱን ጥያቄዎች አውጪና የትኛው ካርድ እንደሚመልሳቸው ደርድሪ። አንዱ ባዶ ከሆነ ለእሱ ብቻ ሁለት ቀን አለሽ። በአሥረኛው ቀን ማታ መጽሐፍ ዝጊ። አዲስ ነገር ብታገኚም አትጨምሪ። የቀሩት አራት ቀናት የመጻፍና ድምፅ እያሰሙ የመለማመድ ናቸው። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። እስከ ዋዜማው የሚያነብ ተማሪ ነገ ሲናገር የሚያስበው ትናንት ስላነበበው ነው።

ምንጭሽን መድረክ ላይ እንዴት እንደምትጠሪም አሁኑኑ አስቢበት። አድማጭ የግርጌ ማስታወሻ አያይም፤ በጆሮው ነው መስማት ያለበት። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው ብርሃኑ የታየው መጋቢት 10 ቀን ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ይህ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የመጣው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ግን ልብ በሉ። ኮከቡ ጎልቶ የታየው በሰኔ ነው። እስቲ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ቁጠሩ።» እዚህ ላይ ቆም በይ። ይቁጠሩ።

አንድ ነገር ቀረ። ስትጨርሺ መምህርሽ ወይም አንድ ልጅ «ታዲያ ኮከብ ነበር ወይስ ተአምር?» ብሎ እንደሚጠይቅሽ ተዘጋጂ፤ አይቀርም። መልሱን ከካርዶችሽ ጋር ጽፈሽ ያዢው፦ «ዜና መዋዕሉ የእግዚአብሔር ምልክት ነው ይላል። የሥላሴ አባቶችም እንዲህ ብለውኛል። ኮከብ ነው የሚለው ሐሳብ የሚደገፈው ኮከቡ በ1448 ዓ.ም. በመምጣቱ ነው፤ ወሩ ግን አይገጥምለትም። እኔ ፈልጌ ያገኘሁት እስከዚህ ነው።» የአባቶቹን ቃል እነሱ እንዳሉሽ አስገቢ፤ የእኔን አትውሰጂ። እንዲህ ብለሽ አመስግነሽ ተቀመጪ።